ሰሌዳው ላይ የቀረው ወንድሜ

ያን ዓመት ወንድሜን ጉደር፣ አዳዳችን ቤት ደብቀነው ነበር። አዳዳ የምንላት የአባታችንን እህት ነው፤ በኦሮምኛ እንደዚያ ነው የሚባለው፣ እኛም አማርኛ ስናወራ አንቀይረውም። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት ቤት ተቀምጦ ነበር። ቤት የተቀመጠ ወጣት ደግሞ በዚያ ጊዜ የራሱ አልነበረም። ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከጠጅ ቤት በር ላይ እየታፈሰ በጭነት መኪና ወደ ማሠልጠኛ ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ወሬ ብቻ ነው፣ እሱም ከመጣ። የጎረቤታችን ልጅ ወፍጮ ቤት እህል ሊያስፈጭ ወጥቶ በታፈሰ ማግስት እናቴ ወንድሜን ጋቢ አከናንባ ከእኔ ጋር ወደ ጉደር ላከችው። ለጠየቀን ሁሉ «ነቀምት አጎቱ ጋ ሥራ ሊፈልግ ሄደ» እንል ነበር። ከተገኘ እሱ ወደ ጦር ሜዳ፣ እናቴ ወደ ቀበሌ እስር ቤት እንደሚሄዱ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም ነበር።

አዳዳ ለመደበቅ አዲስ አልነበረችም። ቤተሰቧ ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ጀምሮ ጓሮ ባለው የጭድ ቤት ውስጥ እየተሰበሰቡ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ወንድሜን ያስቀመጠችው እዚያው ነው። የደረስን ዕለት ሁለታችንንም አየችንና «ግዱ ኬኛቲ ሃ ሃፉ» አለች፤ በመካከላችን ይቅር ማለቷ ነው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አምቦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ተማሪ ፊት ስቆም እንኳ ፊቴን ወደ ሰሌዳው መልሼ መጻፍ ይቀለኝ ነበር፤ ጽሑፌ ስለሚያምር ማንም እንደ ድክመት አላየብኝም። ወንድሜ ከተደበቀ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ሰው «ቤት እንዴት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ደብተር ማረም እጀምራለሁ። ቤት እንዴት ናቸው የሚለው ጥያቄ ወንድሜን የሚያካትት ይመስለኝ ነበር።

የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊያችን ጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ከአምቦ እስከ ካቺሲ፣ ከእንጭኒ እስከ ሸነን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወይ እሳቸው ያስተማሩት ነው፣ ወይ እሳቸው ያስተማሩት ያስተማረው ነው። አንድ አባባል ይወዱ ነበር። የሆነ ነገር እዚሁ ይቅር፣ ከእኔና ካንተ አይውጣ ለማለት እንግሊዞች የሚሉትን «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ይሉ ነበር። ደመወዝ ስለ መዘግየቱ ሲያወሩ ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ስለ ማፍሰሱ ሲያወሩ ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ። ተማሪዎቻቸውም ይህንኑ ይዘው ወጥተዋል።

ትክክሉ ግን «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» ነው። እኛ በአማርኛ «እኔ» ስንል አድራጊም ብንሆን ተደራጊም ብንሆን እኔ እኔ ነው፤ እነሱ ግን አድራጊውን «አይ»፣ ተደራጊውን «ሚ» ብለው ይለዩታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ መምህራችን ይህን ስህተት ባየ ቁጥር በቀይ ይሰርዘው ነበር። ጋሼ ለምን እንደሚሉት በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ልጅ ሆነው የፈረንጅ መምህራቸው ፊት «አይ» ማለት ሲገባቸው «ሚ ኤንድ ማይ ፍሬንድ»፣ እኔና ጓደኛዬ፣ ብለው ወሬ ሲጀምሩ ጣታቸውን በማስመሪያ ተመቱ። «ከዚያ ወዲህ» አሉ እጃቸውን እያዩ፣ «ከሌላ ሰው ጎን ስቆም ሚ ብዬ አላውቅም።»

ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አላረምኳቸውም። ታላቅን ማረም ለእኔ የሚታሰብ አልነበረም። የማትሪክ ፈተና ሲቃረብ ግን የተማሪዎቹን ድርሰት ሳርም «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ከሁሉም ወረቀት ላይ እየተነሣ ያየኝ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ዓርብ፣ ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ለአሥራ ሁለተኞች ትክክሉን ነገርኳቸው።

ከሸነን የመጣች፣ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጋሼ ግን አይ ነው ያሉን።»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ለፈተና ግን ይህንን ያዙ። ጋሼም ጋ አታንሡት።»

ከኋላ አንዱ የካቺሲ ልጅ «እንግዲህ ይሄም ራሱ ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ ይሁና!» አለ።

«ጋሼ ከሰሙ ቲቸርም እኛም አለቀልን!» አለ ሌላው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም እየሳቅሁ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

«ምሳሌ ስጪን ቲቸር» አሉ።

ጠመኔውን ይዤ ምሳሌ ሳስብ እጄ ቀደመኝ። የጻፍኩት በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ ያለው አክስቴ ቤት ነው። ይህ በእኔና ባንተ መካከል ይቅር።» ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነበር። አገባቡን፣ ነጥቡን፣ የቃላቱን ቦታ አየሁና ደስ አለኝ። «ሚ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ምን እንደ ጻፍኩ ግን አላየሁም። ቃሉን እንጂ ነገሩን አላየሁም። ሌት ተቀን አእምሮዬ ውስጥ ሲመላለስ የነበረው እሱ ነውና ሌላ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

በደወሉ ፈንታ የዳይሬክተሩ ፊሽካ ተነፋ። ዓርብ ከሰዓት ተማሪዎች ከከተማው በላይ ባለው ዳገት እርከን ለመሥራት ይወጡ ነበር፤ ያን ቀን ዝናብ ስላስፈራ ቀደም ብለው እንዲወጡ ተወሰነ። ሁሉም ዶማና አካፋ ለመውሰድ እየተጋፋ ወጣ። ሰሌዳ የሚያጠፋው ተረኛም አብሮ ሮጠ። እኔ ደብተሮቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምሳ አላቀረበችም። «የቀበሌ ሰዎች መጥተው ነበር» አለችኝ። «'ነቀምት ከሆነ እዚያ ቀበሌ መመዝገቡን የሚያሳይ ደብዳቤ አምጡ' አሉ። እንግዲህ ማነው የሚጽፍልን?» ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ያለችው ገብቶኝ ተቀመጥኩ። ሳልበላ ተመልሼ ወጣሁ፤ በዘጠኝ ሰዓት የውይይት ክበብ አለ፣ መቅረት ደግሞ አይቻልም።

የመምህራን የውይይት ክበብ በየሳምንቱ ዓርብ ነበር። የፓርቲው ተወካይ የሆነው የፖለቲካ ትምህርት መምህር በሊቀ መንበርነት ይመራዋል። በዕድሜ ከብዙዎቻችን ያንሳል፤ ካኪ ኮቱን በክረምትም በበጋም አያወልቅም። ያን ቀን የተለመደው አዳራሽ እህል ተራግፎበት ስለነበር «አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግባ» ተባለ።

በሩ ላይ ስደርስ ነው ያየሁት። የራሴ ጽሑፍ፣ ክብና ንጹሕ ሆኖ፣ ከግድግዳው ላይ ያየኛል። ወንድሜ፣ አክስቴ ቤት፣ በመካከላችን ይቅር።

ሄጄ ላጥፋው ብል ሊቀ መንበሩ ከሰሌዳው ሥር ቆሞ አጀንዳ ሊጽፍ ዳስተር እየፈለገ ነው። ልቀመጥ ብል ወንበሩ የራቀ መሰለኝ። እንደምንም ከጥጉ ተቀመጥኩ። እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገባሁ።

ሊቀ መንበሩ ዳስተሩን አገኘና አነሣ። ከዚያ ቆመ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብሎ አነበበው። እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ሁላችንም እናውቃለን።

«የማን ወንድም ነው አክስቱ ቤት ያለው?» አለ።

«አክስት የሌለው ወንድም ማን አለው?» አለ የስፖርት መምህሩ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ እንዳልሳቀ ሲያዩ ሳቁ ተቋረጠ።

«ማነው የጻፈው?»

መጠየቁ ለይስሙላ ነው። ጽሑፌን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ የበዓል መፈክር እንኳ የሚያጽፉት እኔን ነበር። ተነሣሁ። «እኔ ነኝ… ምሳሌ ነው» አልኩ። የራሴን ድምፅ ራሴም በቅጡ አልሰማሁትም።

«የምን ምሳሌ? ለተማሪ እንዲህ ዓይነት ነገር ምሳሌ ይሆናል? ከመካከላችን አይውጣ የሚባለው ነገር ምንድን ነው ጓዲት?»

እናቴን አሰብኩ፣ በሩ ላይ ቆማ የጠበቀችኝን። አዳዳን አሰብኩ። ክፍሉ ውስጥ ማንም ወደ እኔ አይመለከትም ነበር፤ ሰው ሊወሰድ ሲል ሰዎች እንደዚያ ነው የሚሆኑት፣ ጫማቸውን ያያሉ።

ያኔ ከኋላ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ሚ!» አሉ ጋሼ። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሰሌዳውን እያዩ ነበር። «ሚ ብላ ጻፈች! ያውም አስምራበት!»

እዚያ ላይ የቀረችኝም ትንሽ ነፍስ ወጣች። ለካ ይህም አለብኝ።

«ጋሼ፣ ቆዩ፣ ጉዳዩ እሱ አይደለም» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ጉዳዩማ እሱ ነው! የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ይቺ ልጅ ሳትወለድ ጀምሮ አይ እያልኩ ያስተማርኩትን፣ እኔ ሳልሰማ ከኋላዬ ሚ እያለች ታስተምራለች? የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት? ትናገር!» ወደ እኔ ዞሩ። «መልሺ እንጂ! ዩኒቨርሲቲ አፍ አልሰጠሽም?»

ፊታቸውን አየሁት። ግንባራቸው የተቆጣ ሰው ግንባር ነው። ዓይናቸው ግን ከመነጽሩ በላይ አልፎ አጥብቆ ያየኝ ነበር፣ አንድ ነገር እስክሠራ እንደሚጠብቅ ሰው። «መልሺ!» አሉ ደግመው።

ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ስለ ወንድሜ መልስ የለኝም። ስለ «ሚ» ግን መልስ አለኝ።

«ከቢትዊን በኋላ… ሚ ነው የሚመጣው» አልኩ።

«ጮክ በይ፣ አልሰማሁም!»

«ሚ ነው የሚመጣው ጋሼ! መጻሕፍቱ ሁሉ የሚሉት እንደዚያ ነው!»

«የትኛው መጽሐፍ? የኢምፔሪያሊስቶቹ መጽሐፍ?»

«እንግሊዝኛው ራሱ የማን ሆነና ነው ጋሼ» አለ የፊዚክስ መምህሩ፤ ቤቱ ሳቀ። አሁን ሰው ሁሉ ቀና ብሏል። የታሪክ መምህሩ ጋሼን ደገፈ፤ ድሮ እሳቸው ናቸው ያስተማሩት። የፊዚክስ መምህሩ እኔን ደገፈ። የሒሳብ መምህሯ «ሬዲዮም ላይ አይ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። ጋሼ የማስመሪያውን ታሪክ ከሥሩ ጀምረው ተረኩ፣ ጣታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። እኔም እከራከር ነበር። በሕይወቴ ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ዝም ካልኩ ሊቀ መንበሩ ወደ መጀመሪያው ጥያቄው እንደሚመለስ ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ጊዜ ቃል ሲጠፋብኝ ጋሼ ወዲያው «አያችሁ? መልስ የላትም!» ብለው ጮኹና እንደገና አስነሡኝ።

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ። አጀንዳው ረጅም ነበር፤ የአቋም መግለጫም ተዘጋጅቶ ለበላይ መላክ አለበት።

«በቃ ድምፅ ይሰጥበት!» አለ የስፖርት መምህሩ ሊቀልድ። በዚያ ጊዜ ሁሉም ነገር በድምፅ ይወሰን ስለነበር ቀልዱ እንደ ቀልድ አልታየም። ሊቀ መንበሩ እፎይ ያለ መሰለ።

«'አይ' ትክክል ነው የምትሉ?»

እጆች እንደ ጫካ ወጡ።

«ሚ የምትሉ?»

የፊዚክስ መምህሩ አወጣ። እኔም አወጣሁ።

«በአብላጫ ድምፅ 'አይ' ጸድቋል። ጓዲት መምህርት ግለ ሂስ ታድርግ።»

አደረግሁ። ከበላይ አካል ጋር ሳልመካከር ሚ ብዬ በማስተማሬ ስህተት መፈጸሜን ተናገርኩ፤ ሰኞ ዕለት ተማሪዎቹን እንደማርም ቃል ገባሁ። ሊቀ መንበሩ ዳስተሩን አነሣና ሰሌዳውን አጠፋው። መጀመሪያ «ሚ» ጠፋች፣ ከዚያ አክስቴ፣ በመጨረሻ ወንድሜ። ጠመኔው እየበነነ ሲወርድ እያየሁ ተቀመጥኩ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስብሰባው ተበትኖ ወደ በሩ ስሄድ ግን ሊቀ መንበሩ አጠገቤ ቆመ።

«ለመሆኑ ያንቺ ወንድም የት ነው?»

«ነቀምት… አጎታችን ጋ።»

«ሰሌዳው አክስት ነው የሚለው።»

ከኋላው ጋሼ ኮፍያቸውን እያደረጉ ብቅ አሉ። «ያ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው» አሉ በሰለቸ ድምፅ። «በየዓመቱ የምሰጣት ምሳሌ ናት። ወንድም ነው፣ አክስት ነው፣ ሁሉንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሷ የጨመረችባት ሚዋን ብቻ ነው፣ አበላሸችብኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሰኞ አይ ብለሽ ስትጽፊ እኔ ክፍልሽ ገብቼ አያለሁ» አሉ። ሊቀ መንበሩ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየና ሄደ።

ጋሼ ያን ምሳሌ ሰጥተው አያውቁም። እጄ ከልቤ ያወጣው ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ከእኔና ከእሳቸው በቀር ማንም አያውቅም።

ከግቢው አብረን ወጣን። ዝናቡ መጣል ጀምሮ ነበር። እስከ ሁሉቃ ድልድይ ድረስ ጎን ለጎን ሄድን። ድልድዩ ላይ ወንዙን እያዩ «ነገ ጉደር መንገድ ላይ ፍተሻ አለ ይባላል» አሉ። «ዘመድ የምትጠይቂ ከሆነ እሑድ ሂጂ። ዘመድም ቢሆን አንድ ቦታ ብዙ ሲቀመጥ ይሰለቻል።» ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ቤታቸው ታጠፉ። «ገለቶማ» እንኳ አላልኳቸውም፤ ማመስገን ራሱ ወንድሜን መደበቃችንን ማመን መሰለኝ።

እሑድ ጉደር ወረድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ የታጠቀ ሰው ባየሁ ቁጥር ዘንቢሌን አጥብቄ እይዝ ነበር፣ ዘንቢሉ ውስጥ ዳቦ እንጂ ሌላ ባይኖርም። አዳዳ የነገርኳትን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። አብረዋት የሚጸልዩ ሰዎች በማግስቱ ወንድሜን ፈረስ ላይ አስቀምጠው፣ እህል ሊሸጥ የሚሄድ ገበሬ አስመስለው በጫካው መንገድ ወደ ሸነን ወሰዱት። ሳይቆይ የአዳዳ ቤት ተፈተሸ። ጭዱን በመንሽ ወግተው ወግተው ሄዱ። ይህን ስሰማ እጄ ያን ዕለት በሰሌዳው ላይ የጻፈውን ደግሜ አየሁት።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ጋሼ እንዳሉት ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሊቀ መንበሩም በር ላይ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ብዬ ጻፍኩ።

«ቲቸር፣ ዓርብ እኮ ሚ ብለሽን ነበር» አለች የሸነኗ ልጅ።

«ተሳስቼ ነበር» አልኩ።

ልጅቷ አየችኝ። በደብተሯ ላይ ምንም አልጻፈችም። የጻፍኩት ሐሰት መሆኑን ማወቋን ከዓይኗ አየሁ፤ ለምን እንደ ጻፍኩት ግን ልነግራት አልቻልኩም። እንደ ሌሎቹ ፍርሃቶቼ ሳይሆን ያ አሳፈረኝ እንጂ አላስፈራኝም። ጋሼ በዚያ ክፍለ ጊዜ ሁሉ ወደ መስኮቱ ነበር የሚያዩት።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣንም። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ አይ ሲሉ ኖሩ። እኔም የተማሪ ወረቀት ላይ ሳገኘው ቀይ እስክሪብቶዬ ያልፈዋል፤ እስከ ዛሬም ማረም አልቻልኩም።

መንግሥት በተለወጠ በሳምንታት ውስጥ ወንድሜ ከሸነን መጣ። ከስቷል፣ ጺም አውጥቷል፣ ከአማርኛው ኦሮምኛው ይቀድመዋል። ከአውቶቡስ ተራ ይዤው ስወጣ ጋሼ በትራቸውን ተመርኩዘው ሲያልፉ አየሁ። ሮጬ ደረስኩባቸው። «ጋሼ፣ ወንድሜ ነው» አልኩ። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፣ ያን ቀን ሰሌዳውን እንዳዩት።

«አንተ ነህ እንዴ ሰሌዳው ላይ የነበርከው?» አሉ። እጁን ጨብጠው ትንሽ ያዙት፣ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወንድሜ ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ምን ማለታቸው ነው? የምን ሰሌዳ?»

አሁን የሚፈራ ነገር አልነበረም። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተዘግቷል፣ ሊቀ መንበሩ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ወንድሜም በቀን ብርሃን አጠገቤ ቆሟል። ልነግረው አፌን ስከፍት ግን ዓይኔ ሳላዘው ግራ ቀኝ ዞሮ ማን እንደሚሰማን አየ። «ቤት ስንደርስ» አልኩትና ፈጠን ፈጠን እያልን ሄድን።